ለቤት ምረቃ የታጨው አውራ ዶሮ

ጠዋት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ የባየሽ አውራ ዶሮ ከአጥሩ ማዶ ይጮኻል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ዓይኗን ትገልጣለች። ዶሮው ይደግማል፤ እግሯን ከአልጋ ታወርዳለች። መብራት ታበራለች፣ ውሃ ትጥዳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ የትናንቱን ዳቦ ታሞቃለች፣ ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች። ከዚያ በሩን ቆልፋ፣ የአምቦን የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ተሻግራ፣ ባዮሎጂ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች።

ዶሮው እንደ ዶሮ አይጮኽም ነበር። ድምፁ ከባኮ በቆሎ ጭኖ ዳገት የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ይመስላል፤ ይጀምራል፣ ያንቋርራል፣ መሐል ላይ ይቆማል፣ ሰው አለቀ ብሎ ሲተኛ እንደገና ይነሣል። ስሙን ሊቀመንበር ያለው የዘነበወርቅ ባል ጉግሳ ነው። “ሳይጋበዝ ይናገራል፣ ከጀመረ አይጨርስም፣ ሥራው ግን ጥሬ መልቀም ብቻ ነው” ይል ነበር። ጉግሳ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር በየማለዳው መስኮቱን በርግዶ ፍርድ ይሰጣል።

“አንተ ሊቀመንበር! በመጪው ፋሲካ እጄ ትገባለህ! ሳልበላህ ብቀር የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!”

ባየሽም ከማዶ ትመልሳለች፦ “ጉግሳ! ለዶሮ ከምትዝት ለሚስትህ እንጨት ፍለጥላት!”

በዚያ ሰፈር ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም። በበዓል ዋዜማ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ዶሮዎቻቸውን ቁልቁል አንጠልጥለው በጉግሳ ደጃፍ ይሰለፋሉ፤ እሱም ካራውን ስሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እያንዳንዷን በነገር እየወጋ ያርድላቸዋል። ባየሽ ብቻ ሊቀመንበርን ይዛ መጥታ አታውቅም። ጉግሳ የሰፈሩን አውራ ዶሮ ሁሉ ጨርሶ ያንን አንዱን ሳያገኝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር ሞተ። ዶሮው በማግስቱም ጮኸ። ዘነበወርቅ በዚያ ጠዋት መስኮቱ እስኪከፈት ጠበቀች፤ አልተከፈተም።

ስለዶሮው ለማንም ተናግራ አታውቅም። ምን ብላ? “ያንን ዶሮ እወደዋለሁ” ብትል ሰው ሁሉ ወጥ ያማራት ይመስለዋል።

የባየሽ ቤት ባለፈው ክረምት ተንበረከከ። አንደኛው ግድግዳ ወደ ዘነበወርቅ አጥር አጋድሎ፣ እንደ ሰካራም ባለቅኔ አንድ ክረምት ሙሉ ወደቀ ሲባል ሳይወድቅ ሰነበተና፣ ሰዉ ሲለምደው ወደቀ። ባየሽ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለት የልጅ ልጆቿን ይዛ በፕላስቲክ ሸራ ሥር ገባች። በሚያዝያ መጀመሪያ ለችግረኛ ቤተሰቦች ቤት የሚሠራ አንድ ድርጅት ከአዲስ አበባ መጣና መረጣት። አስተባባሪው ኤልያቄም የሚባል፣ ነጭ ጫማ የሚያደርግ፣ ሰውን ሁሉ “ተጠቃሚ” እና “ባለድርሻ” ብሎ ለሁለት የከፈለ ወጣት ነበር። በጎ ፈቃደኞች ይመዝገቡ ሲባል ዘነበወርቅ ቀድማ ተመዘገበች። ሰፈሩ “ኀዘኗን ለመርሳት ነው” አለ። አላስተባበለችም፤ ለማስተባበል ማውራት ያስፈልጋል።

ከዩኒቨርሲቲው ሠላሳ ያህል ተማሪዎች መጡ። ሁሉም ብርቱካንማ ሰደርያ ለበሱ። ግማሾቹ ጭቃን የሚያውቁት በጫማቸው ነበር፤ አሁን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው የጤፍ ጭድ የተቀላቀለበትን ጭቃ ይረግጡ ጀመር። ጭቃው እንዲቦካ ተትቶ በሳምንቱ ሲመለሱ ሽታው ድልድዩ ጋ ተቀበላቸው። ዘነበወርቅ አንዴ ዞር ብላ ስታያቸው ሠላሳው ዝም ስላለ፣ ኤልያቄም የበጎ ፈቃደኞቹ ኃላፊ አደረጋት።

አናጢው ኦቦ ሂርጳ ነበር። ማዕዘን ባቆመ ቁጥር ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሥራውን ያደንቃል።

“ከጊንጪ እስከ ሸነን የእኔ መዶሻ ያልነካው ቤት የለም!”

“ለዚህ ነው እኮ ሁሉም ያጋደለው” አለች ባየሽ ከበርጩማዋ ላይ ሆና።

“አዴ ባየሽ፣ ያንቺን ቤት እኔ አልሠራሁትም።”

“አንተ የሠራኸውማ መች አንድ ክረምት ቆመልን!”

ሊቀመንበር በመካከላቸው ይንጎራደዳል። ሚስማር ይለቅማል፣ ይተፋዋል፤ የኤልያቄም ነጭ ጫማ ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ባየው ቁጥር ይከንፍበታል። ኤልያቄም ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ ንግግር የሚያደርገው አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር።

ምርጊቱ በተጀመረበት ቅዳሜ ባየሽ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አጨበጨበች።

“ኢጆሌ! ልጆቼ! በርቱ! ቤቱ ሲያልቅ ሊቀመንበርን ትበሉታላችሁ!”

ተማሪዎቹ እልል አሉ። ዘነበወርቅ ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው የያዘችው ጭቃ ከእጇ ወደቀ።

“አይሆንም” አለች።

ሁሉም ዞሮ አያት።

“የድርጅቱ ሕግ ነው። ከተጠቃሚ ምንም አይወሰድም።”

ሕጉስ እውነት ነበር። በአንድ ሌላ ከተማ የምረቃው ዕለት የመጡት እንግዶች የተጠቃሚዋን ብቸኛ በግ በልተው፣ ቆዳውን ለማስታወሻ ወስደው ስለሄዱ፣ ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ከባለቤቲቱ ውሃ እንኳ እንዳይጠጣ አዟል። በጎ ፈቃደኞቹ ዳቦና ሙዝ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ይሁን እንጂ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሕጉን እንደዚያ አጥብቆ አስታውሶት አያውቅም ነበር። ዘነበወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ሆነች። ዋቅቶላ የሚባል ተማሪ ከባየሽ እጅ ቆሎ ሲቀበል አየችውና አስተፋችው።

“ቲቸር፣ ቆሎ እኮ ነው!”

“በጉም የተጀመረው ከቆሎ ነው።”

ባየሽ ይህን ሁሉ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየች። “የአባቴን ቤት በደቦ ሲሠሩ በሬ ወድቋል” አለች። “ለእኔ ዶሮ ቢወድቅ ምን አለበት? ሠሪው ያልበላበት ቤት ማደሪያ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ደሃ ነኝ አልኩ እንጂ ለማኝ ነኝ መች አልኩ?”

ዘነበወርቅም ስለዚህ በሳምንቱ መጨረሻ ጊንጪ ለለቅሶ ሄዳ ስትመለስ ከመንገድ ዳር አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛች። ጥቁር ለብሳ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ዶሮውን ታቅፋ አውቶቡስ ገባች። ረዳቱ ራሱን አከከ። “እናቴ፣ ታቅፈውት ነው የሚሄዱት ወይስ ወንበር ይያዝለት?” አላት። እስከ አምቦ ድረስ ወደ መስኮቱ ዞራ መጣች።

ባየሽ ዶሮውን አየችው። አገላብጣ ጭኑን ጨበጠችው።

“ይሄ ጫጩት ነው።”

“እሱን ይረዱት። ሊቀመንበር ይቅር፤ ያረጀ ሥጋ አይበስልም።”

“በአንቺ ዶሮ እኔ ልጋብዝ? የሚመረቀው የማን ቤት ነው?”

ነገሩን የጨረሰው ሊቀመንበር ነው። ጊንጬውን ዶሮ ካጥር አጥር አሯሯጠው፣ ከጭራው ላባ ግማሹን ወሰደበት፣ በቀዳዳው አሾልኮ ወደ ዘነበወርቅ ግቢ ሰደደው። ጊንጬው ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘነበወርቅ ማድቤት ጣውላ ሥር ኖረ። ጮኾም አያውቅም።

ቤቱ በግንቦት መጨረሻ አለቀ። በሩ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ኦቦ ሂርጳ “ነፋስ እንዳይገባ ሆን ብዬ ነው” አለ። ቆርቆሮው ግን ሲያብረቀርቅ ከአስፋልቱ ይታያል። ሰማዩም ማጉረምረም ጀምሯል። ረቡዕ ቀን እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ፣ ሪባን ተወጠረ፣ ኤልያቄም በአንድ እግሩ ቆሞ ንግግር አደረገና ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋ።

ባየሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

“መጀመሪያ ትበላላችሁ።”

“እማማ፣ ካሜራው እየቀረጸ ነው…”

“ይቅረጻ! ሲበላም ይቅረጽ።”

“ሕጋችን አይፈቅድልንም እኮ፣ እማማ።”

“እንግዲያው ሕጋችሁን ይዛችሁ ግቡበት። ቤቱ የሕጋችሁ ነው።”

እንግዶቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ወፈር ያለ ሰውዬ፣ በለሆሳስ “ለመሆኑ የተዘጋጀው ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ሊላላ ነው። ዘነበወርቅ ይህን ስታይ ወደ ፊት ወጣች።

“ደግሞስ ዛሬ ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ኦርቶዶክሶቹ አይበሉም።”

ኦቦ ሂርጳ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጴንጤ የሆነው ሰውዬ፣ መዶሻውን ከመታጠቂያው አውጥቶ መልሶ ከተተው።

“ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ገና በዓለ ኀምሳ አይደል እንዴ? ጰራቅሊጦስ መች ደረሰና። ዛሬ ጠዋት ሥጋ ቤቱ ሁሉ ክፍት ነበር።”

ተማሪዎቹ ጭቃ የረገጡበትን እግራቸውን ማየት ጀመሩ። በየዓመቱ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመው ዘነበወርቅ፣ ሃምሳውን ቀን ጾም እንደሌለ የሰፈሩ ውሻ እንኳ በአጥንቱ የሚያውቀውን፣ በካሜራ ፊት ሳተችው። ጆሮዋ ጋለ። ባየሽ ግን አልሳቀችም። ዘነበወርቅን አየች፤ ቀጥሎ ሪባኑ ላይ ሊወጣ የሚታገለውን ዶሮ አየች፤ መልሳ ዘነበወርቅን አየች።

የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ቁልፉ በኤልያቄም ኪስ ሄደ። ባየሽና የልጅ ልጆቿ የተቆለፈው አዲስ ቤት ፊት ለፊት በፕላስቲክ ሸራቸው ሥር ተቀመጡ። ሊቀመንበር ሸራው አናት ላይ ወጥቶ ዝናቡን ተቃወመ።

አመሻሽ ላይ ዘነበወርቅ ጃንጥላ ይዛ አጥሩን ዞረች። ልጆቹን አንሥታ እሷ ቤት አስገባቻቸው። ባየሽ ግን ከበርጩማዋ ንቅንቅ አላለችም።

“አዴ ባየሽ፣ ይነሡ። ይታመማሉ።”

“ጾም ነው አልሽ።”

“ተሳስቼ ነው።”

“ባዮሎጂ የምታስተምር ሴት ዶሮ ለማዳን ጾም ትፈጥራለች?”

ዘነበወርቅ ጃንጥላውን ወደ ባየሽ አዘንብላ ራሷ በዝናብ ቆመች።

“ጉግሳ ሲሞት፣ ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት፣ ገንፎ ይዤ መጣሁ” አለች ባየሽ። “‘በልቻለሁ’ አልሽኝ፣ ከበሩ ኋላ ሆነሽ። ደግሞ ቂንጬ ይዤ መጣሁ። ‘በልቻለሁ’ አልሽ። ከማድቤትሽ ጭስ አይወጣም፤ ምኑን በላሽው?”

“አልራበኝም ነበር።”

“አሁን ደግሞ መጥተሽ ጭቃ ረገጥሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ። መስጠትማ ትችያለሽ። መቀበል ላይ ግን፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ዶሮዬ ይሻላል፤ እሱ የሰጡትን ይለቅማል።”

ሊቀመንበር ስሙ የተነሣ ይመስል ከላይ አጉረመረመ።

“እሱን ሁለት ፋሲካ ሙሉ ነጋዴ ሲለምነኝ አልሸጥኩትም” አለች ባየሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ለምን መሰለሽ? ጠዋት ሲጮኽ መብራትሽ ይበራል። አያለሁ እኮ። ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ አልጠፋም።”

ዘነበወርቅ ቀና ብላ ዶሮውን አየች። “እና ታዲያ ለምን…”

“አርጅቷላ! ከትናንት በስቲያ ከቆጡ ወደቀ። ይሄን ክረምት አይሻገርም። በብርድ ከሞተ የውሻ ነው። ጉግሳ ደግሞ በአባቱ አጥንት ምሏል፤ እኔ ነኝ የሰማሁት፣ በየቀኑ። መሐላውን ውሻ ይፈጽምለት?”



“ሥጋው አይበስልም” አለች ዘነበወርቅ።

“ከንጋት ጀምሬ እጥደዋለሁ።”

ቅዳሜ ጠዋት ኤልያቄም በዘነበወርቅ ጥሪ ቁልፉን ይዞ ሲመጣ፣ ሠላሳውን ተማሪ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘው። ዘነበወርቅ በፊቱ ብርቱካንማ ሰደርያዋን አውልቃ፣ አጣጥፋ ሰጠችው።

“ምንድን ነው ቲቸር? ለቀቁ እንዴ?”

“በጎ ፈቃደኛ ከተጠቃሚ አይበላም። እኔ ጎረቤት ነኝ። ጎረቤት ይበላል።”

ዋቅቶላም ሰደርያውን አወለቀ። “እኔም ጎረቤት ነኝ” አለ፣ ቤተሰቦቹ ባኮ የሚኖሩት ዋቅቶላ። ከዚያ ሁሉም እያወለቁ በኤልያቄም ክንድ ላይ ይከምሩ ጀመር። ኤልያቄም በሰደርያ ቁልል ላይ አገጩን አስደግፎ ጥቂት አሰበ። ከዚያ የራሱን አወለቀና ከላይ ጣለው። “እኔ እንግዲህ… ሩቅ ጎረቤት” አለ።

ዶሮው የታረደው ቀደም ብሎ፣ ሌሊቱ ሲገረጣ ነበር። ዘነበወርቅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ካራ ይዛ መጥታ ለኦቦ ሂርጳ ሰጠችው። ፈታው፤ አወቀው።

“ይሄማ የጉግሳ…”

“ስለታም ነው” አለች።

ሊቀመንበር በዋዛ አልተያዘም። የሂርጳን እጅ ነቁሮ አመለጠ፣ በአዲሱ ግድግዳ ላይ በክንፉ ተፍጨርጭሮ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። እዚያ ቆሞ ጮኸ። ጀመረ፣ አንቋረረ፣ መሐል ላይ ቆመ፣ እንደገና ተነሣ። አምቦ በሙሉ ሳትሰማው አልቀረችም። “እሱ መርቆ ጨርሶታል፤ አዲስ አበቤዎቹ ለምን ደከሙ?” አለች ባየሽ። ቀጥሎ ከታች ጥሬ በተነችለት፤ ዕድሜውን ሙሉ ያሸነፈው ነገር አሁንም አሸነፈውና ወረደ። ዘነበወርቅ ወደ አዲሱ ግድግዳ ዞራ ምርጊቱን በመዳፏ ስትደባብስ ቆየች።

ወጡ እኩለ ቀን አልፎ ወጣ። አንድ ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ነው፤ በላተኛው ግን ሠላሳ አልፏል። ባየሽ ይህን ያላሰበችው ይመስል አልተጨነቀችም። ለተማሪዎቹ እንጀራውን በወጡ አርሳ አደለች፤ ብልት የደረሰው እየነከሰ ለጎኑ አሳለፈ። የሚነከስ ሆኖ አይደለም።

“ቲቸር፣ ይሄ ዶሮ ስንት ዓመቱ ነው?” አለ ዋቅቶላ፣ ጅማት በጥርሱ ይዞ።

“ከአንተ በፊት ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው” አለ ሂርጳ።

ባየሽ ድስቱን ስትጨልፍ ቆይታ፣ ፈረሰኛውን አወጣችና ዘነበወርቅ ፊት አደረገችው። የዶሮ ፈረሰኛ የአባወራ ነው፤ ይህን በዚያ ግቢ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

“ለኦቦ ሂርጳ ይስጡት” አለች ዘነበወርቅ።

“ሂርጳ አንገቱን ይበላል። የቤቴን በር እንዳጣመመ አንገቱ ይጣመምበት።”

“የአባወራ ነው እኮ፣ አዴ ባየሽ።”

“የአባወራ ነው። አባወራሽ ምሏል። ብዪለት።”

ሁሉም ማኘክ አቆመ። ዘነበወርቅ ከሁለት ዓመት ወዲህ በሰው ደጅ የተቀመጠላትን ምግብ ነክታ አታውቅም ነበር። ጎረሰች። አኘከች። ቆይታ አሁንም አኘከች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ መንጋጋዋ ብቻ ይሠራል።

“እንዴት ነው?” አለች ባየሽ።

“ጉግሳ ይሄንን አይችለውም ነበር” አለች ዘነበወርቅ አፏ ሙሉ እንደሆነ። “የኋላ ጥርስ የለውም።”

በየማለዳው በመስኮት የዛተው ሰውዬ፣ ሥጋውን አግኝቶ በድድ ሲታገለው ታያት። ሳቁ ሳታስበው መጣ፣ ዶሮውም ትን አላት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ እንባዋ ወረደ፤ ባየሽ ተነሥታ ጀርባዋን በመዳፏ እየደበደበች “ሞቶም አይለቅሽም! ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ ሞቶም አይለቃት!” እያለች ጮኸች። ተማሪዎቹ ውሃ ይዘው ሮጡ። ዘነበወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባየሽ ጣሳ ጠጣች።

ከዚያ ባየሽ እጇን ታጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ፣ ወደ ኤልያቄም ዘረጋች።

“በል አሁን አምጣው።”

ቁልፉ ተሰጠ። በሩ አልከፈት ብሎ ኦቦ ሂርጳ በትከሻው ገፋው። ልጆቹ ገብተው ከማዕዘን ማዕዘን ሮጡ። ማታ ዝናቡ ሲመጣ በቆርቆሮው ላይ እንጂ በማንም ላይ አልወረደም።

ሰኞ ጠዋት ዘነበወርቅ ዓይኗን ስትገልጥ ፀሐይ መጋረጃው ላይ ነበረች። ፊቷን ሳትታጠብ፣ ሻይ ሳትጠጣ፣ ባጃጅ ይዛ ሄደች፤ ከተማሪዎቿ በኋላ ክፍል ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በዚያ ሳምንት የእጅ ስልኳን መቀስቀሻ መሙላት ተማረች። ጊንጬው ከጣውላው ሥር ወጥቶ በግቢው ይዞራል፣ ከእሷም በኋላ ይነሣል። ባየሽ ጠዋት በአጥሩ ላይ “አካም ቡልቴ፣ ዘኔ?” ትላታለች፣ አንዳንዴም ገንፎ ታቀብላታለች፤ ትቀበላለች።

ከአጥሩ ማዶ የሚጮኽ ዶሮ የለም። በመስኮቱ የሚመልስለትም የለም።